ፔንታክስ ኬ1000 የተባለውን የፊልም ካሜራ ከያዝኩ ስምንት ወር ሆነኝ

ስገዛው ከካኖን ኤኢ-1 ጋር እያወዳደርኩ ብዙ ቀን አንገራግሬያለሁ። ሁለቱም በፈረንጆቹ 1976 ነው የወጡት። ካኖኑ ያምራል፣ የሌንሱንም ቀዳዳ ራሱ ያስተካክልላችኋል። ግን ባትሪው ካለቀ አለቀ፣ አንድ ፎቶ አያነሳም። ኬ1000 ባትሪ የሚፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ስልኬን ቻርጅ ማድረግ ለምረሳ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ተወሰነ።

የመጀመሪያውን ፊልም በላሁት። የእህቴ ልጅ ክርስትና ላይ 36ቱንም አንስቼ ስጨርስ መቁጠሪያው 37፣ 38 እያለ ቀጠለ፣ ያኔ ነው የደነገጥኩት። ስከፍተው የፊልሙ ጫፍ ከመጠቅለያው ወጥቶ ቁጭ ብሏል፣ አንድም አልተነሳም። እህቴ እስካሁን ታነሳብኛለች። አሁን ፊልም በሳብኩ ቁጥር በግራ በኩል ያለችው መመለሻ እጀታ አብራ መዞሯን አያለሁ።

ከዚያ የፋሲካው ጉድ መጣ። መለኪያው ፊቱ ያለውን ሁሉ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ፊት ስትደቅኑት ብርሃኑ የበዛ መስሎት ቀንሱ ይላችኋል፤ እኔም ታዝዤ ቀነስኩ፣ ነጠላው አመድ፣ የእናቴ ፊት ጥላሸት ሆኖ ወጣ። አሁን ጠጋ ብዬ ጠይም ፊት ላይ እለካና ወደ ቦታዬ ተመልሼ፣ መርፌዋ የፈለገችውን ብትል ሳልነካ አነሳለሁ። ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ትንሽ ቢበዛበት ይችላል፣ ሲያንሰው ግን ጥላው ውስጥ ምንም አይተርፍም።

መለኪያው ማጥፊያ የለውም፣ ሌንሱን ካልከደናችሁት ባትሪ ይበላል። ሁለት ባትሪ እንዲሁ ጨርሻለሁ። የመዝጊያው ፍጥነትም ከ1/1000 ሰከንድ አያልፍም፣ ስለዚህ ለጠራራ ፀሐይ አይኤስኦው (ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 የሆነ ሳይሆን 100 ወይም 200 የሆነ ፊልም ያዙ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ፊልም ገዝቼ፣ አሳጥቤ፣ ስካን ሳስደርግ 30 ዶላር ገደማ ይወጣብኛል፤ አንዱ ፎቶ ወደ አንድ ዶላር መሆኑ ነው። እንደ ስልክ ዝም ብሎ መተኮስ የለም!

እስከ 1997 ስለተሠራ አሁንም በቀላሉ ይገኛል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጀርባውን ከፍታችሁ ዳር ዳሩ ያለውን ስፖንጅ ንኩት። እጃችሁ ላይ እንደ ሬንጅ ከተጣበቀ ብርሃን ያስገባል፣ ማስቀየሪያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ሰዓት ሞልቶ ራስን ማንሳትም አይቻልም። በስምንት ወር ውስጥ እኔ ያለሁበት ፎቶ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም አጎቴ አንስቶኝ አናቴን ቆርጦታል።