ከጉንጭ እስከ ድሬካሌ፦ ቢግ ዋይ-700 በኩቺዎች ዘር ቆጠራ ሲመዘን

ቢግ ዋይ-700 የሂውስተኑ ፋሚሊትሪዲኤንኤ የሚሸጠው የአባት መስመር የዲኤንኤ ምርመራ ነው። መደበኛ ዋጋው 450 ዶላር ገደማ ሲሆን በዓመት ጥቂት ጊዜ ቅናሽ ይደረግበታል። የሞንቴኔግሮንና የሰሜን አልባኒያን ደገኛ ነገዶች ዘር ለሚቆጥር ሰው ገበያ ላይ ካሉት ሁሉ ይኸኛው ይሻላል። ብዙ ገዢ ግን የሚያዝዘው ምርመራው ለማይመልሰው ጥያቄ ነው። ከእነዚህ ነገዶች አንዱን ጠርቶ «እኔ በእርግጥ ኩቺ ነኝ ወይ?» ለሚል ሰው 450 ዶላሩ ባክኗል። «የእኛ ቤትና የእነዚያ ቤት በወንድ በኩል አንድ ናቸው ወይ? ከሆኑስ መቼ ተለያዩ?» ለሚል ግን የከፈለውን ያህል ያገኛል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ነገዱ እንዴት እንደቆመ ማየት ያስፈልጋል።

ኩቺዎች ከፖድጎሪጻ ሰሜን ምሥራቅ እስከ አልባኒያ ድንበር ባለው ደጋ ላይ የሚኖሩ፣ «ሰባቱ ብርዳ» ማለትም ሰባቱ ኮረብቶች ከሚባሉት ነገዶች አንዱ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ፒፐሪ፣ ብራቶኖዢቺ፣ ቫሶየቪቺ ናቸው። ነገዱ በውስጡ ብራትስትቮ በሚባሉ፣ «የአንድ አባት ልጆች ነን» በሚሉ ቤቶች የተከፈለ ነው። ትልቁ ክፍፍል ስታሮኩቺ በሚባሉት የድሮ ኩቺዎችና በድሬካሎቪቺዎች መካከል ያለው ነው። ድሬካሎቪቺዎች ሁሉ ድሬካሌ ከሚባል አንድ ሰው እንደሚወርዱ ይናገራሉ። የድሮዎቹ ደግሞ ከእሱ በፊት እዚያው የነበሩ፣ የየራሳቸው መነሻ አባት ያላቸው ቤቶች ናቸው። በዚህ ላይ የትሪየፕሺና የኮያ አልባኒያውያን፣ ካቶሊኩም ሙስሊሙም፣ በአንድ ዘመን በኩቺ ስም ሥር ይቆጠሩ ነበር። እንግዲህ «ኩቺ» አብሮ የዘመተ፣ ግጦሽ የተካፈለና ለአንድ አለቃ ያደረ ሕዝብ ስም እንጂ የአንድ አባት ስም አይደለም። የጉንጭ ናሙና ደግሞ አባትን እንጂ ዘመቻን አያነብም።

ወደ ሳጥኑ እንምጣ። ውስጡ ጫፋቸው ብሩሽ የሆነ ሁለት ዘንጎች፣ ፈሳሽ ያለባቸው ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች፣ መመሪያና መመለሻ ፖስታ አለ። ናሙና ከመውሰድ በፊት ለአንድ ሰዓት መብላት፣ መጠጣት፣ ማጨስና ጥርስ መፋቅ አይፈቀድም። በደጋው ቤት ይህ ከሁሉም የሚከብደው ደረጃ ነው፤ እንግዳ ገብቶ ራኪያ የሚባለው የአገሩ አረቄና ቡና ሳይቀርብለት አይቀርም፣ ባለቤቱም አብሮ ይጠጣል፣ አንዴ ከተጠጣ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ናሙናው ይቅደም፣ ራኪያው ይከተል። ብሩሹ በአንዱ ጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቅ ተደርጎ ይታሻል። ከዚያ የዘንጉ መግፊያ ሲጫኑት ብሩሹ ብልቃጡ ውስጥ ይወድቃል፤ ክዳኑ ይጠብቃል። ሁለተኛው በሌላው ጉንጭ እንዲሁ ይደረጋል።

ናሙና የሚበላሸው በአብዛኛው በማዘን ነው፦ ሽማግሌውን እንዳያማቸው ተብሎ ብሩሹ ጉንጩን በስሱ ይነካል እንጂ አይታሽም። የሚፈለገው ምራቁ አይደለም፣ ከጉንጩ የሚላቀቀው ሴል ነው። ሌላው ስህተት ይብሳል። በአንድ ቀን ከሁለትና ከሦስት ዘመዳሞች ናሙና የሚወስድ ሰው ሳጥኖቹን አንድ ላይ ከከፈተ ብልቃጥ ይቀያየራል። የባዕድ ሰው ቢቀያየር በውጤቱ ይታወቃል። የአጎት ልጆች ከሆኑ ግን ውጤታቸው ስለሚቀራረብ ስህተቱ ሳይታይ በዛፉ ላይ ለዘለዓለም ተጽፎ ይቀራል። አንዱ ሳጥን ታሽጎ ስሙ ሳይጻፍበት ሌላው አይከፈት።

ከርካሾቹ ጋር ሲነጻጸርስ? ኩባንያው ዋይ-37ን ወደ 120፣ ዋይ-111ን ወደ 250 ዶላር ይሸጣል። ሁለቱም የሚሠሩት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ በሚተላለፈው ዋይ ክሮሞሶም ላይ ተደጋግመው የተጻፉ ቁርጥራጮች ስንት ጊዜ እንደተደጋገሙ በመቁጠር ነው። ቁጥሩ በትውልድ መካከል ከፍም ዝቅም ስለሚል ሁለት የማይገናኙ ቤቶች በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ ይደርሳሉ። ባልካን ውስጥ ደግሞ ጥቂት የወንድ ሐረጎች ባለፉት ሁለት ሺህ ዓመታት እጅግ ስለተስፋፉ በ37 ነጥብ ብቻ የሚመጣው የዘመድ ዝርዝር ሐሰተኛ ዘመድ ይበዛበታል። ቢግ ዋይ የሚያነበው አንዴ ከተከሰተ ለልጅ ልጅ ሁሉ የሚተላለፈውን የአንድ የዲኤንኤ ፊደል ለውጥ ነው፤ ቅርንጫፍ የሚሠራው ይህ ነው። ከእናትም ከአባትም የወረስነውን ቀላቅለው «ባልካን ይህን ያህል በመቶ» የሚሉት ምርመራዎች ለዚህ ሥራ አይረቡም። ከ15 ትውልድ በፊት የነበረ አንድ ቅድመ አያት ድርሻው በአማካይ ከ32,768 አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ጭራሽ ምንም ላይደርስም ይችላል።

አሁን ቁጥሩን በድሬካሌ ላይ እንሞክረው። የኮቶር ከተማው ማሪያኖ ቦሊዛ እ.ኤ.አ. በ1614 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለቬኒስ ባቀረበው ዘገባ ኩቺዎችን 490 ቤትና 1,500 ታጣቂ ብሎ ሲመዘግብ ከአዛዦቻቸው አንዱን «ላሌ ድሬካሎቭ» ብሎ ጠርቶታል። ከዚያች «ኦቭ» በላይ የሚረባ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል፦ ላሌ የድሬካሌ ልጅ ነው ማለት ነው። ልጁ በ1614 ጦር የሚያዝዝ ከሆነ አባቱ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። በቢግ ዋይ-700 በአማካይ በየ80 ዓመቱ ገደማ አንድ አዲስ ለውጥ ይታያል። ከድሬካሌ እስከ ዛሬ ሽማግሌ ልደት ያለውን 400 ዓመት ብንወስድ 5 ለውጥ እንጠብቃለን። አማካይ ግን አማካይ ነው፤ በአንዱ ቅርንጫፍ 2፣ በሌላው 9 ቢመጣ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ድረ ገጹ «የጋራ አባታችሁ በ1550 ገደማ ኖረ» ብሎ አንድ ዓመት በትልቁ ሲጽፍ፣ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን ከስንት እስከ ስንት የሚለውን ሳያነቡ ደስ መሰኘት አይገባም። የበርካታ መቶ ዓመታት ስፋት የተለመደ ነው።

ለዚህም ነው አንድ ሳጥን ብቻ መግዛት ሞኝነት የሚሆነው። የአንድ ሰው ውጤት የዚያ ሰው ውጤት ነው። የድሬካሌን ሐረግ ለመያዝ ቢያንስ ሁለት ወንዶች ያስፈልጋሉ፣ እነሱም በአፍ ቆጠራ በተቻለ መጠን ራቅ ብለው የተለያዩ፣ ቢቻል በድሬካሌ ልጆች ላይ የተከፈሉ መሆን አለባቸው። ሁለቱ የሚጋሩት ለውጥ የድሬካሌ ወይም ከእሱ በፊት የነበረ ነው፤ የማይጋሩት ከእሱ በኋላ የመጣ ነው። ቅርንጫፉ በዚህ ከታወቀ በኋላ ለተቀሩት ቤቶች ሙሉ ዋጋ መክፈል አያስፈልግም። በርሊን ያለው ዋይሴክ አንድን ለውጥ ለብቻው ወደ 20 ዶላር ይመረምራል። ሁለት ቢግ ዋይ 900፣ አራት ነጠላ ምርመራ 80፣ ድምሩ 980 ዶላር ከፖስታ ውጪ፤ በዚህ ስድስት ቤት ይፈተሻል። ሁሉንም በቢግ ዋይ ቢሉት 2,700 ነበር። በነጠላ ምርመራው «የለውም» የሚል መልስ ሲመጣ ግን ያ ሰው የት እንደሚገባ አይናገርም፤ ያኔ ተጨማሪ ወጪ አለ።

«የለውም» የሚለው መልስ ሲመጣ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የሴቶች ታማኝነት ሆኖ ይገኛል፤ ስህተት ነው። በደጋው ውስጥ ስም ከደም ውጪ የሚሄድባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ዶማዜት የሚባለው፣ ወንድ ልጅ ወደሌለበት የሚስቱ ቤት የሚገባ አማች አለ፤ ልጆቹ በቤቱ ስም ይጠራሉ። ደም አፍስሶ የሸሸ ሰው ሌላ ነገድ ዘንድ ተጠግቶ፣ ከሁለት ሦስት ትውልድ በኋላ የተጠጋበትን ቤት ስም ይይዛል። የእህት ልጅ አጎቱ ቤት ያድጋል። በ1774 የሰሜን አልባኒያዋ ሽኮደር የኦቶማን ፓሻዎች፣ በ1856 ደግሞ የሞንቴኔግሮው ልዑል ዳኒሎ ጦር በሚርኮ ፔትሮቪች መሪነት ኩቺን ሲያጠፉ ወላጅ አልባ የቀሩ ልጆችን ማን እንዳሳደጋቸው ማሰብ ይበቃል።

የአፍ ቆጠራውም የራሱ ባሕርይ አለው። ትውልድ በዚያ አገር የሚቆጠረው በቀበቶ ነው፤ የሞንቴኔግሮው ሰው «ፓስ»፣ አልባኒያዊው «ብሬዝ» ይላል፤ ሁለቱም መጀመሪያ ቀበቶ ማለት ናቸው። አሥራ አምስት ቀበቶ በ33 ዓመት ሲባዛ 495 ዓመት ነው፤ ከድሬካሌ ዘመን ጋር ጥሩ ይገጥማል። ቆጠራ የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ መሐል ላይ ነው፤ ዝነኛው መነሻ አባትና የቅርቦቹ አምስት ስድስት ስሞች ይጸናሉ፣ በመካከል ያለ ዝና ያልነበረው ሰው ይዘለላል። እኛ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ስንቆጥር የእናትንም ወገን እንቆጥራለን። የአልባኒያ ደጋ ሕግ ግን የአባትን ወገን «የደም ዛፍ»፣ የእናትን «የወተት ዛፍ» ብሎ ይለያቸዋል፤ ቤትና ስም የሚተላለፈው በደም ዛፉ ነው። ምርመራው የሚያነበውም እሱን ብቻ መሆኑ ለዚህ አገር ልክ እንደ ተለካ ልብስ ያደርገዋል።

ከምርመራው ጎን ወረቀት ከሌለ ዛፉ ስም የለሽ ነው። የሽኮደር ሳንጃክ (አውራጃ) የ1485 የኦቶማን የግብር መዝገብ አባወራዎችን ከነአባታቸው ስም ይዘረዝራል፤ የቆየው መነሻ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ዋናው የነገዱ ልጅ ማርኮ ሚልያኖቭ ነው። በ1833 ሜዱን መንደር ተወልዶ፣ በ1876 ከኦቶማኖች ጋር የተደረገውን የፉንዲናን ጦርነት ከመሩት አንዱ ሆኖ፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው ፊደል ቆጥሮ የነገዱን ትረካ ጻፈ። ዮቫን ኤርዴልያኖቪች ደግሞ በ1907 ባሳተመው ጥናት ቤቶቹን መንደር በመንደር ዘርዝሯል፤ ናሙና ሰጪ የሚመረጠው ከዚህ ነው። ስላቫም ይጠየቅ፦ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤቱ ቅዱስ ዝክር ነው፤ በአንድ መንደር የተለየ ቅዱስ የሚዘክር ቤት ካለ መጤ ሊሆን ይችላል።

ለአፈ ታሪክ የሚገዙት ገዢዎች ቅር የሚሰኙበት ቦታ አለ። ድሬካሌ ከአልባኒያው የ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀግና ከስካንደርቤግ ዘር ነው የሚል ትረካ አለ። ይህን ለመፈተን የእሱ ቤት የሆነው የካስትሪዮታ በወንድ መስመር የተረጋገጠ ተወላጅ ወይም አጥንት ያስፈልጋል። የስካንደርቤግን አጥንት ደግሞ በአልባኒያዋ ለዥ ከተማ ኦቶማኖች ቆፍረው ለክታብ ተከፋፈሉት ይባላል። ማነጻጸሪያ ከሌለ ሳጥኑ አዎም አይደለምም አይልም። ቫሶ፣ ክራስ፣ ኦዝሮ፣ ፒፖና ኦቶ ወንድማማች ሆነው አምስት ነገድ ወለዱ የሚለው ትረካም በምርመራ አልጸናም፤ ነገዶቹ ከአንድ ቅርብ አባት አይገጥሙም።

የቫሶየቪቺዎች ዋና ሐረግ ኢ-ቪ13 የሚባለው ነው። ይህን ውጤት ያየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ደረጃ ወደ ላይ ቢወጣ የሚያውቀው ቅርንጫፍ ላይ ይደርሳል፦ ኢ-ቪ13 እና በኦሮሞና በሶማሌ ወንዶች ዘንድ የሚበዛው ኢ-ቪ32 ሁለቱም ከኢ-ኤም78 የወጡ ናቸው። የጋራ አባታቸው ከ10,000 ዓመት በላይ ስለሚርቅ ዘመድነት አይባልም፤ ለወሬ ግን አይከፋም።

አገልግሎቱን በተመለከተ፦ ውጤቱ ናሙናው ከደረሰ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። ጥሬ መረጃውን ወደሌላ ቦታ ለመውሰድ ተጨማሪ ወደ 100 ዶላር ማስከፈላቸው ያበሳጫል፤ 450 ከፍሎ የራስን ፋይል ዳግም መግዛት ነው። ውጤቶችን አሰባስበው የሚያነጻጽሩት የሰርቢያው ፖሬክሎና የአልባኒያው ረኝት ፕሮጀክቶች ውስጥ መግባት ነጻ ነው፤ ሁለቱም ውስጥ ያልገባ ኩቺ ግማሽ ዘመዱን አያይም፣ የነገዱ ልጆች ዛሬ በሁለቱም ቋንቋ ይናገራሉና። የግላዊነት ቅንብሩንም ገብቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ኩባንያው ከአሜሪካው የወንጀል ምርመራ ተቋም ከኤፍቢአይ ጋር ይሠራ እንደነበር በ2019 ይፋ ሆኗል። ፈረንሳይ የሚኖር ደግሞ ይጠንቀቅ፤ እዚያ ለዘር ቆጠራ ብሎ መመርመር በሕግ የተከለከለ ሲሆን መቀጮው እስከ 3,750 ዩሮ ነው።

ገንዘቡ ዛሬ ላልሞላለት፣ ግን ሰማንያ የዘለሉ የቤቱ የመጨረሻ ወንድ ላሉት ሰው ዋይ-37 ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ውጤቱን ችላ ብሎ ናሙናውን ማስገባት ነው። ቤተ ሙከራው ያስቀምጠዋል፣ ወደ ቢግ ዋይ ማሳደግ በኋላም ይቻላል። የሰውየውን ፈቃድና የመለያ ገጹን የሚረከበውን ሰው ስም ያኔውኑ በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል።