ኬብል ቴሌቪዥን ለትንሽ ተጎታች ቤት፦ በነባሩ ክዳን ማሳለፍ ወይስ ግድግዳ መብሳት?

በአሜሪካ ብዙ የተጎታች ቤት (በመኪና የሚጎተት የጉዞ ቤት) ማረፊያዎች ከኤሌክትሪክ መስጫው አጠገብ የኬብል ቴሌቪዥን መስመር አላቸው። ብዙ ትንንሽና አሮጌ ተጎታቾች ግን ይህን መስመር ከውጭ የሚሰኩበት መቀበያ የላቸውም።

ቀላሉ መንገድ የኤሌክትሪክ ገመዱ በሚወጣበት ክዳን በኩል የቴሌቪዥኑን ገመድ ማስገባት ነው። መሰርሰሪያ አይጠይቅም። ገመዱ ወደ ክዳኑ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይታጠፍ፤ የዝናቡ ውሃ እዚያ ይንጠባጠባል። አልፎ አልፎ ለሚጓዝ ሰው ይበቃል።

አዘውትሮ ለሚጓዝ ግን ግድግዳው ላይ ክዳን ያለው የውጭ መሰኪያ መትከልን እመርጣለሁ። ገመድ ወለል ላይ አይጎተትም፣ ማገናኘቱም የአፍታ ሥራ ነው። ሆኖም ተጎታችን የሚገድለው ውሃ ነው! በደንብ ባልታሸገች አንዲት ቀዳዳ የሚሰርግ ዝናብ የግድግዳውን እንጨት ከውስጥ ያበሰብሰዋል፤ ጉዳቱ የሚታየውም ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ከመሰኪያው ጀርባ ቡቲል የተባለ ተጣባቂ የጎማ ማሸጊያ ይለጠፍ፤ ጠርዙም ለተጎታች በተሠራ ማሸጊያ ይዘጋ። ከመብሳት በፊት በቦታው ሽቦ፣ የጋዝ ቱቦ ወይም የግድግዳው ቋሚ እንጨት አለመኖሩን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ከቁም ሣጥን ጀርባ ያለ ቦታ ይመረጣል፤ ከውስጥ ለመድረስ ያመቻል።

በሁለቱም መንገድ አርጂ 6 የተባለውን ባለ 75 ኦም ገመድ ይግዙ፤ ከቀጭኑ አርጂ 59 ያነሰ ሞገድ ያባክናል። መስመሩ የጣሪያ አንቴና ማጉያ ካለው መሰኪያ ጋር ከተገናኘ፣ ኬብል ሲያዩ ማጉያውን ያጥፉት። በብዙዎቹ ማጉያው እስካልጠፋ ድረስ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚያልፈው የአንቴናው ሞገድ ነው።