መጋላ ድረስ ለመጣችሁት የእሳት አደጋ ልጆች

ሰላም የድሬ ልጆች። ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ያለው የጨርቅ ሱቃችን መቃጠሉን የሰማችሁ ሰምታችኋል። ደውላችሁ «እንኳን ተረፋችሁ» ላላችሁኝ ሁሉ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈል። ዛሬ እሳቱን ስላጠፉት ሰዎች ልጻፍ። ሳልጽፍ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ድሬን የሚያውቅ ያውቃል፣ በዚያ ሰዓት ከተማው ይተኛል። ሙቀቱ ሰው አያስወጣም፣ ሱቅ ይዘጋል፣ የሚቅመው በርጫው ላይ ነው። እኛም ዘግተን ቤት ገብተናል። አንድ ማከፋፈያ ላይ ካውያ፣ ቬንትሌተርና ሁለት የስፌት መኪና ተሰክቶ ቀርቷል። ጥፋቱ የኛው ነው። ሽቦው ጋለ፣ ላስቲኩ ቀለጠ፣ ከስሩ የከመርነው ፖሊስተር ተያያዘ። ፖሊስተር ሲነድ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ጭሱ ደግሞ ጥቁር ነው፣ ጉሮሮ ይዘጋል።

ስደርስ የሰፈሩ ልጆች በጀሪካን ውሃ ይዘው ሊደፉ ሲሯሯጡ ነበር። መብራቱ ገና አልጠፋም። ያኔ ውሃ ደፍተው ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

የእሳት አደጋ መኪናው ደረሰ፣ ግን መግባት አልቻለም። መንገዳችን ጠባብ ነው። በዚያ ላይ ዕቃችንን ደጅ ላይ እንደረድራለን፣ አንድ ባጃጅም ቆሞ ነበር። ልጆቹ አንድ ደቂቃ አላባከኑም። መኪናውን ዋናው መንገድ ላይ ትተው ቱቦውን ትከሻቸው ላይ ጭነው እየሮጡ ገቡ። መሪያቸው መጀመሪያ የጠየቀኝ «እህቴ፣ ውስጥ ሰው አለ?» ነው። ቀጥሎ «መብራቱ ከቆጣሪው ጠፍቷል?»። ከዚያ «እዚህ አካባቢ ጋዝ የሚጠቀም ማነው?»። ከጎናችን ምግብ ቤት አለ። አንዱ ወጣት ሮጦ ገባ፣ የሲሊንደሩን ቁልፍ ዘጋና ተሸክሞ አወጣው።

ከዚያ ያደረጉትን አይቼ ጮህኩባቸው። ውሃውን መጀመሪያ የረጩት የኔ ሱቅ ላይ ሳይሆን የጎረቤቴ ግድግዳና ጣሪያ ላይ ነው። «የኔ እየነደደ እኮ ነው!» አልኩ። መሪው ዞር ብሎ «እሱን እናጠፋዋለን፣ መጀመሪያ እንዳይሻገር» አለኝ። ያኔ አልገባኝም። የኛ ሱቆች በአንድ ቆርቆሮ ነው የተያያዙት። አንዱ ጣሪያ ከያዘ ረድፉ ሁሉ ይሄዳል። የኔ ሱቅ ግማሹ ሄደ፣ የጎረቤቶቼ ስድስት ሱቆች ግን አንድም አልተነካ። ይቅርታ ልጆች፣ በጩኸቴ።

እሳቱ ጠፋ ብለን እፎይ ስንል እነሱ አልሄዱም። እያንዳንዱን የጨርቅ ጥቅል እየፈቱ ገለበጡ። እሳት በጥቅል ውስጥ ተደብቆ ሰዓታት ይቆያል፣ ሌሊት ይነሳል አሉን። የእናቴን ሲንገር የስፌት መኪና ከፍርስራሹ ያወጣውም አንዱ እዚያው ሲገለብጥ ነው። ግራ እጁ ተቃጥሎ ስለነበር በሻሼ አሰርኩለት። ለሻይ ብዬ የያዝኩትን ብር አልተቀበሉም። ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ጠጥተው ሄዱ። ማታ ደግሞ ሁለቱ ተመልሰው መጥተው አዩ።

ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ናቸው። እዚያው ደጅ ቁጭ ብለው «ይሄ ከተማ እኮ ከእሳትና ከውሃ ነው የተወለደ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ነው። መጀመሪያ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር። ተራራው አልተመች ብሎ በግርጌው አለፈ፣ የተፈጠረውም ከተማ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ይባል ነበር። የዚያን ጊዜው ባቡር የሚሄደው እሳት አንድዶ ውሃ አፍልቶ ነው። ከዚራ የሚባለውን ሰፈር የባቡር ኩባንያው በሰፋፊና ቀጥ ባሉ መንገዶች ከፋፈለው። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ያለው መጋላ ግን በነጋዴውና በገበያው እግር ነው የሰፋው፣ ቤት በቤት ላይ፣ ጉራንጉር በጉራንጉር።

ለእሳት አደጋ ሰራተኛ ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። ከዚራ ላይ መኪናው እስከ በር ይደርሳል። እኛ ጋ በትከሻ ነው። ከተማው ደግሞ አላቆመም። በ1999 ቆጠራ የከተማው ሕዝብ ከ230 ሺህ በላይ ነበር። ሲሚንቶው አለ፣ ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ፣ በ2014 ነፃ የንግድ ቀጠናው ተከፈተ። እነዚህ ሁሉ ለእሳት አደጋ ልጆች ጭነት ናቸው። ጎርፍ ሲመጣም የሚጠሩት እነሱ ናቸው። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን የነበረ ሰው ጎርፍ ሲባል አሁንም ይደነግጣል።

ጥቆማዬ ይህ ነው። እሳት ሳይነሳ ጥሯቸው። እኔ ከቃጠሎው በኋላ ጠይቄ ሦስቱ ቅዳሜ መጡ፣ ረድፋችንን ሱቅ በሱቅ ዞሩ። ማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ የሰካውን ሁሉ አስነቀሉ። ዘይት በድስት ሲነድ ውሃ መድፋት እሳቱን እንደሚበትነው፣ በክዳን ወይም በእርጥብ ፎጣ ማፈን እንዳለብን አሳዩን። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ከነበልባሉ አናት ሳይሆን ከስሩ እንደሚረጭ እያንዳንዳችንን አስሞከሩን። ጎረቤቴ ሐጂ በ70 ዓመታቸው ፒኑን ነቅለው ሲረጩ ብታዩ! ትዕግስታቸው ደስ ይላል፣ ማንንም አያዋርዱም።

ቁጥራቸውን ሱቃችሁ በር ላይ ለጥፉ። ዕቃችሁን ከመንገድ አንሱ። እኛ ረድፋችን ላይ ቀለም ቀብተን ከመስመሩ ያለፈ ዕቃ እንዳይኖር ተስማምተናል፣ የባጃጅ ልጆቹም እሺ ብለዋል። ሌላም ሰፈር ያድርገው፣ በተለይ ቀፊራና አሸዋ ያላችሁ ነጋዴዎች።

ከሰዓት ፈረቃ የነበራችሁት ልጆች፣ ስማችሁን እንኳን አልጠየቅኩም። ሲንገሩ ተጠግኗል፣ ትናንት አንድ ቀሚስ ሰፋሁበት። እጁ የተቃጠለው ወንድሜ፣ ቁስሉ ዳነልህ? ሻሹን አትመልስልኝ። ባለፍክ ጊዜ ግን ግባና ልይህ።