አዳማ ያላችሁ ባለፋብሪካዎች፣ ይህን ልጅ እወቁልኝ

ይህን ጽሑፍ ከሦስት ሳምንት በፊት መጻፍ ነበረብኝ። የመኖ ማሽናችንን ይህ ልጅ ጠግኖ ካስነሳልን ወዲህ የተጠራቀመ ትዕዛዝ ስናወጣ፣ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ዛሬ ጠዋት ግን የማሽናችን ኦፕሬተር ጋሼ ሻይ እየጠጡ «ያን ልጅ አመሰገንሽው?» አሉኝ። «አዎ፣ በስልክ» አልኳቸው። «በስልክማ ማን ሰማሽ?» ሲሉኝ አፈርኩ። እነሆ ሰው ሁሉ ይስማኝ።

አዳማ ውስጥ ትንሽ የእንስሳት መኖ ማቀነባበሪያ አለን። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሁሉም ሰው ከተማውን ናዝሬት በሚልበት ዘመን በአንድ ወፍጮ የጀመረው ነው። በሚሌኒየሙ ዋዜማ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ራሱ እየመዘነ የሚቀላቅል ማሽን አስገባ። በቆሎው፣ ፉርሽካው፣ የኑግ ፋጉሎው፣ ኖራው፣ ጨው ሳይቀር ከየቋቱ በልኩ ይወርዳል፣ ሚክሰሩ ይዞራል፣ ከታች ጆንያ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የምታዘው ፓነሉ ውስጥ ያለች ከጡብ ብዙም የማትበልጥ ሳጥን ናት። ፒኤልሲ ይሏታል፤ የእኛዋ ሲመንስ ኤስ ሰቨን 200 ናት። እውነቱን ለመናገር፣ እስከ ዘንድሮ ክረምት ድረስ መኖሯንም አላውቅም ነበር። በአዳማ አቧራና በአዳማ ሙቀት ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ራሴን አመመኝ ብላ አታውቅም።

ሐምሌ ላይ ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ በኃይል መጣ። በማግስቱ የፋጉሎው ቋት አልከፈት አለ። ኤሌክትሪሺያናችን ሴንሰሩን ቢፈትሽ ደህና፣ ሽቦውን ቢፈትሽ ደህና። በመጨረሻ ሳጥኗ ላይ ካሉት የሴንሰር ሽቦ መግቢያዎች አንዷ እንደ ተቃጠለች አወቀ። «ሌሎቹ ይሠራሉ፣ ባዶ የተቀመጡም አሉ። ሽቦውን ወደ ባዶዋ ማዛወር ቀላል ነው። ግን ማዛወራችንን ለማሽኑ የሚነግርልን ሰው ያስፈልጋል» አለኝ። የሚነግረው ደግሞ በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ የአባቴ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ከመሳቢያ አውጥተን ብንሰካው፣ ብንለምነው፣ አልበራም።

አዲስ ላፕቶፕ አለኝ፣ ዊንዶውስ 11። ችግሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ገና መጀመሩ ነው።

እንግዲህ ስለ መጡብኝ ሰዎች ልንገራችሁ። ስም አልጠራም፣ ድርጅትም አልጠራም፣ ሆዴ ግን እስከ ዛሬ ያርረኛል። የመጀመሪያው ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ መጣ። ፓነሉን ከፈተ፣ ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄ ሙዚየም ነው የሚገባው» አለኝ። አሥር ደቂቃ አልቆየም። ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር፣ ሦስት ወር፣ እሱም የውጭ ምንዛሪ ከተገኘ። ለመጣበት ነዳጅና አበል አስከፍሎኝ ሄደ። አባቴ ላቡን ያፈሰሰበትን ማሽን ሠራተኞቼ ፊት ስቆበት ሄደ።

ሁለተኛው ቀብድ ተቀበለ። ከፍላሽ የሆነ ያለ ፈቃድ የተሰበረ (ክራክ) ሶፍትዌር ላፕቶፔ ላይ ጫነ፣ ሶፍትዌሩ አልከፈት አለ፣ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። በማግስቱ እሱ ሳይሆን ቫይረሱ መጣ። የሦስት ዓመት የደንበኛ ሒሳብ ያለበት ፋይል ተቆለፈብኝ። ስልኩ እስካሁን ዝግ ነው።

ሦስተኛው ይሻል ነበር፤ ቢያንስ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ መጣ፣ ከሳጥኗ ጋርም ተገናኘ። አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሲመጣለት ጣቱን ወደ «የስ» ሲሰድ ጋሼ ከኋላ ሆነው «ቆይ፣ ምን ልታደርግ ነው?» አሉት። መልስ አልነበረውም። ጋሼ ደግሞ መልስ የሌለው ሰው ማሽናቸውን እንዲነካ አይፈቅዱም። ሸኙት። ያን ጊዜ ተቆጥቼባቸው ነበር፤ ስንት ቀን ሙሉ ሠራተኛው በአካፋ እየቀላቀለ፣ በቀን 80 ኩንታል ከሚወጣበት 20 እያወጣን፣ የደብረ ዘይትና የሞጆ ዶሮ አርቢዎች እየደወሉ ሲያለቅሱብኝ። የምትጥል ዶሮ መኖዋ ሲዛባ እንቁላሏን ነው የምትቀንሰው፤ እነሱም እውነት አላቸው።

ከዚያ አንዲት ደንበኛዬ ይህን ልጅ ጠቆመችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

የወንጂ ልጅ ነው። ደቾች በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመሩበት ሠፈር ያደገ ሰው የድሮ ማሽን አይስቅበትም መሰለኝ። ባጃጅ ይዞ መጣ፣ ጫማውን በር ላይ አራግፎ ገባ፣ ፓነሉን ሳይከፍት በፊት የጠየቀው «ይህን ማሽን ከማንም በላይ የሚያውቀው ማነው?» ብሎ ነው። እኔ ኤሌክትሪሺያኑን ልጠራ ስል እሱ ዓይኑን ወደ ጋሼ አዞረ። ጋሼ ማሽኑ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ኦፕሬተር ናቸው። ኮምፒውተር አይነኩም። ከመጡት ሁሉ አንድ ሰው እንኳ እሳቸውን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አልጠገነም። እኔ ደግሞ ልቤ ሊወጣ ነው። «እትዬ፣ ይታገሱኝ። መጀመሪያ ውስጧ ያለውን ልቅዳ። ያለ ቅጂ እጄን አልሰነዝርም» አለኝ። ከዚያ አባቴ የማሽኑን ወረቀት የት እንዳስቀመጠ ጠየቀኝ። ከቢሮው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከማሽኑ ጋር የመጣ ሲዲ አገኘን! እንደ ታቦት ነው የተቀበለው። አዲሱ ላፕቶፕ የሲዲ መክፈቻ የለውም፤ እሱ ግን ለብቻው የሚሰካ ይዞ መጥቷል።

ያደረገውን እንደገባኝ ልንገራችሁ። የሳጥኗ ሶፍትዌር የዊንዶውስ ኤክስፒና የሰቨን ዘመን ነው። ኤክስፒን ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመለት እ.ኤ.አ. በ2014፣ ሰቨንን በ2020 ነው። ስለዚህ በ11 ላይ በግድ ከመጫን ይልቅ ላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ፈጠረ። በመስኮት ውስጥ መስኮት ተከፈተ፣ ያ የድሮው አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ሰማይ ብቅ አለ። አባቴን ያየሁ ያህል ደነገጥኩ፤ እሱ ቢሮ ስገባ ሁሌ ያ ኮረብታ ነበር የሚታየኝ። ልጁ ማልቀሴን አይቶ እንዳላየ ሆነ፣ ኬብሉን መነካካት ጀመረ። ኬብሉም የራሱ ጣጣ ነበረው፣ 9600 የሚል ቁጥር ደጋግሞ ሲጠራ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልገባኝም።

ያ ሦስተኛው ሰውዬ ሊያደርግ የነበረውን የነገረኝም እሱ ነው። በስልካችን ዳውንሎድ ስንል ወደ እኛ ማውረድ ነው። በእነሱ ሙያ ግን ዳውንሎድ ማለት ከኮምፒውተሩ ወደ ሳጥኗ መላክ ነው። ሰውዬው ባዶ ገጽ ከፍቶ፣ የሚቀዳ መስሎት፣ ያንን ባዶ በአባቴ ፕሮግራም ላይ ሊልክበት ነበር። ጋሼን እጃቸውን ሳምኳቸው።

ቅጂው ተወሰደ። አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእኔ በፍላሽ፣ አንድ በኢሜይሌ። እኔ አበቃ ብዬ ቡና ላስፈላ ስነሳ እሱ ፊቱ አልፈታም። ከሳጥኗ የሚወጣው ፕሮግራም ስም የለውም አሉ፤ ቁጥር ብቻ ነው። የስሞቹ ዝርዝር የነበረው በሞተው ላፕቶፕ ውስጥ ነው። 24 መግቢያ፣ 16 መውጫ፣ የትኛው የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት የለም።

አሁን የምነግራችሁን ከረሳሁ እንጀራ አልብላ። ያ ልጅ ጋሼን «ኑ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍ» አላቸው። ጋሼ መሰላል ወጡ። ቁልፍ ብረት ይዘው ከአንዱ ሴንሰር ወደ ሌላው ያስጠጋሉ፣ ሳጥኗ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ትላለች፣ ልጁ ከታች «በራች! ይህቺ የማናት?» ይላል፣ ጋሼ ከላይ «የበቆሎው መዝጊያ!» ይላሉ። «ይህቺስ?» «እሷማ ሚክሰሩ ሲሞላ የምትናገረዋ ናት!» አራት ሰዓት ሙሉ። ጋሼ ስለ እያንዳንዷ ታሪክ አላቸው፣ የትኛዋ በክረምት እንደምትሰንፍ፣ የትኛዋን አባቴ በእጁ እንደቀየራት። ልጁ አንድም ጊዜ «ይፍጠኑ» አላለም። ሁሉንም በካሬ ደብተር ላይ በአማርኛ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፈው፤ ወረቀቱ አሁን በላስቲክ ተሸፍኖ በፓነሉ በር ውስጥ ተለጥፏል። ከታች የጋሼን ስም ጻፈበት። «መረጃውን የሰጡት» ብሎ። ጋሼ ያን ቀን ቤታቸው ሲሄዱ አካሄዳቸው ሌላ ነበር።

ጥገናው ራሱ በማግስቱ ስንት ደቂቃ የፈጀ ይመስላችኋል? ሃያ አይሞላም። ሽቦው ከተቃጠለችው መግቢያ፣ ከአይ 0.6፣ ወደ ባዶዋ፣ ወደ አይ 2.5፣ ተዛወረ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሆነ ነገር ተቀየረ፣ ጋሼ ቁልፉን ተጫኑ። ፋጉሎው ወረደ። የሴቶቹ እልልታ እስከ አስፋልቱ ተሰምቷል።

ሌላው የወደድኩለት አለመዋሸቱ ነው። «ችግርዎ ለዘላለም ተፈታ አልልዎትም» አለኝ። ፕሮግራሙ መብራት ስለጠፋ አይጠፋም፣ ሳጥኗ ከነነፍሷ ከተቃጠለች ግን አብሮ ይሄዳል፤ ይህች ዓይነት ሳጥን ደግሞ አሁን አትመረትም። ተተኪዋ ኤስ ሰቨን 1200 ከወጣች እንኳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ፣ ብዙ ዓመቷ ነው። «በጀት ይያዙ፣ በእርጋታ በሁለት ዓመት ውስጥ እንቀይራታለን። እስከዚያ አንድ ያገለገለች መጠባበቂያ ልፈልግልዎት። አሁን ግን የሚሠራ ማሽን አይጣልም።» ያቺን ውስጠኛ ኮምፒውተርም እንዳለች በውጭ ሀርድ ዲስክ ቀድቶ ሰጠኝ፤ የእኔ ላፕቶፕ ነገ ቢሰበር በሌላ ይከፈታል። ሀርድ ዲስኩን ከአባቴ ሲዲ ጋር ካዝና ውስጥ ቆልፌዋለሁ።

ሒሳቡን ስጠይቀው ያለኝን ብነግራችሁ የመጀመሪያው ሰውዬ ለነዳጅና ለአበል የወሰደው ይበልጣል። ልጨምርለት ብል እምቢ አለ። በመጨረሻ «እናቴ ዶሮ አላት» አለ፣ እየተሽኮረመመ። አንድ ኬሻ የቄብ መኖ ባጃጁ ላይ ጫንንለት። ጋሼ በሩ ድረስ ሸኝተው «ገለቶሚ» አሉት፤ እሱም ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

ስሜን አታውጡት ስላለኝ ስሙን አልጽፍም፣ ስልኩን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ ፈቅዶልኛል። አዳማ፣ ሞጆ፣ ወንጂ፣ አሰላም ያላችሁ፣ ዱቄት ፋብሪካ፣ ዘይት መጭመቂያ፣ የውኃ ማሸጊያ፣ ፓነላችሁ ውስጥ እንዲህ ያለች ያረጀች ሳጥን ካለች አሁኑኑ ጥሩት። እንደ እኔ እስክትቃጠል አትጠብቁ። ቢያንስ ቅጂ ይውሰድላችሁ። ጥሩት እባካችሁ፣ ቅጂ ብቻ እንኳ። ስትጠሩትም የቆየ ኦፕሬተር ካላችሁ ያን ቀን ዕረፍት አትስጡት፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው፣ ጋሼ ቅዳሜ ቡና አለ ብለውሃል። ያቺ በክረምት የምትሰንፈው ሴንሰርም እንደገና ጀምሯታል፤ «እሱ ሳያያት ማንም አይንካት» ብለው ከልክለዋል።