ለአብሽና ለበሶብላ የትኛው ሕያው ማዳበሪያ ይሻላል? እሽግ ዱቄት፣ የጠርሙስ ፈሳሽ ወይስ የትል ኮምፖስት

«ለአብሽ የትኛውን ልግዛ? ለበሶብላና ለጦስኝስ ያው ይሆናል?» የመድኃኒት ተክል ለመዝራት ያሰበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ሕያው ማዳበሪያ ማለት ተክሉን የሚረዳ በሕይወት ያለ ባክቴሪያ የያዘ ማዳበሪያ ነው። መልሱ አጭር ነው። ለአብሽ የራሱ ራይዞቢየም፣ ማለትም ስሩ ላይ ሰፍሮ ከአየር ናይትሮጂን የሚይዝ ባክቴሪያ፣ ያለበት እሽግ ዱቄት፤ ለበሶብላ፣ ለጦስኝና ለጥቁር አዝሙድ በደንብ የበሰለ የትል ኮምፖስት። በጠርሙስ የሚሸጠው ፈሳሽ፣ ባሲለስ የተባለው ባክቴሪያ ካልሆነ በቀር፣ ገንዘብ ባይወጣበት ይሻላል።

ምክንያቱ ያለው ከስሩ ዙሪያ ነው። ተክል በቅጠሉ ካዘጋጀው ምግብ ቀላል የማይባለውን በስሩ በኩል ወደ አፈር ያፈስሳል። ስሩን የከበበችው የጥቂት ሚሊሜትር አፈር በዚህ ምክንያት ከሌላው አፈር ከ10 እስከ 100 እጥፍ የሚበልጥ ባክቴሪያ ይኖርባታል። ጀርመናዊው ሎሬንዝ ሂልትነር በ1904 እ.ኤ.አ. «ራይዞስፌር» ያላት እሷን ነው። እዚያ የሚቀለበው ባክቴሪያ በነፃ አይበላም፤ አንዱ ከአየር ናይትሮጂን ይይዛል፣ አንዱ አሲድ እያመነጨ በአፈር ላይ የተጣበቀ ፎስፈረስ ያላቅቃል፣ አንዱ የስር ጸጉርን የሚያበዛ ሆርሞን ይሠራል። በበሶብላ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ባሲለስ ሰብቲሊስ ስሩ ላይ ሲሰፍር የቅጠሉ ዘይት ጨምሮ ተገኝቷል። ተክሉ ባክቴሪያው ሲነካው መከላከያውን ያነቃል፣ መዓዛ ያለው ዘይት ደግሞ አንዱ መከላከያው ነው። የመድኃኒት ተክል ዋጋ የሚያወጣው በዚሁ ስለሆነ ነገሩ ከቁመትና ከክብደት በላይ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ባክቴሪያው በሕይወት ካለና ከተክሉ ጋር ከተስማማ ብቻ ነው። ብዙ ገዢ ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ከዋጋው እንጀምር። እሽግ ዱቄቱን በእሽግ ሳይሆን በነፍስ ይቁጠሩት። የተለመደው እሽግ 125 ግራም ሲሆን ለሩብ ሄክታር ይበቃል፤ ጥሩ ከሆነ በአንድ ግራም አንድ ቢሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ይይዛል። ለሩብ ሄክታር 7 ኪሎ ያህል አብሽ ይዘራል። ሺህ ፍሬ አብሽ 17 ወይም 18 ግራም ስለሚመዝን ዘሩ 400,000 ፍሬ አካባቢ ነው። ሲካፈል ለእያንዳንዱ ፍሬ ከ300,000 በላይ ባክቴሪያ ይደርሰዋል። የአብሽን ያህል ፍሬ የሚያስፈልገው ከ1,000 እስከ 10,000 ነውና ትርፉ ብዙ ነው። ያው እሽግ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ባለ ሱቅ ከርሞ ከመቶ አንዱ ብቻ ቢተርፍ ለፍሬ 3,000 ይደርሳል፤ እንደምንም ይሠራል። ከሺህ አንዱ ከተረፈ 300 ነው፤ ይህ አይበቃም። ዋጋው 100 ብር ነው እንበል። የመጀመሪያው ገዢ በአንድ ብር ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነፍስ ገዛ፣ የመጨረሻው አንድ ሚሊዮን ከሩብ ብቻ። ቀኑ ስላለፈ በግማሽ ዋጋ የሚቀርብ እሽግ እንግዲህ ከሁሉም ውዱ ነው።

ሁለተኛው ኪሳራ የማይስማማውን መግዛት ነው። ሂልትነር ከፍሪድሪክ ኖቤ ጋር በ1896 እ.ኤ.አ. ናይትራጂን የተባለውን ሕያው ማዳበሪያ ሲያወጣ ገና ከጅምሩ ለየሰብሉ የተለያየ ነበር። አብሽ የሚቀበለው ሲኖራይዞቢየም ሜሊሎቲን ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ ሌላ አንድ ዓይነት ይጋራሉ፤ ሽምብራም አኩሪ አተርም የየራሳቸው አላቸው። «የአብሽ አልቋል፣ የባቄላውን ውሰድ፣ ያው ጥራጥሬ ነው» ያለ ሻጭ ጥቁር ዱቄት ብቻ ነው የሸጠው። የአብሽ ከጠፋ የሚተካው የአልፋልፋ እሽግ ነው፤ ባክቴሪያቸው አንድ ነው።

ከመግዛት በፊት ደግሞ በነፃ የሚሆን ሙከራ አለ። ማሳው ላይ አንድ ሜትር መስመር አብሽ ይዝሩ፤ በስድስተኛው ሳምንት በመቆፈሪያ ከነአፈሩ ያውጡ። በእጅ ከተነቀለ እባጮቹ፣ ማለትም ባክቴሪያው የሚኖርባቸው ትናንሽ የስር እብጠቶች፣ አፈር ውስጥ ይቀራሉ። ስሩን በውሃ አጥበው አንዱን እባጭ በጥፍር ይሰንጥቁት። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው አስቀድሞ አለ፣ እየሠራም ነው፤ ገንዘብዎን ይያዙ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም እባጭ ከሌለ እሽጉ ዋጋውን ይመልሳል። አንድ ነገር ብቻ፦ ይህ ባክቴሪያ አሲዳማ አፈር አይችልም። ፒኤች (የአፈር አሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ከሆነ መጀመሪያ ኖራ፣ ከዚያ እሽግ።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም አብሽ አንድ ጠባይ አለው፤ ውሃ ሲበዛበት ይልጋል። ለባቄላ በሚሆነው የውሃ መጠን አብሽ ከታሸ እርስ በርሱ ተጣብቆ ቋጥኝ ይሆናል፣ ለመበተንም አይመችም። ለ7 ኪሎ ዘር 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይሟሟበታል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክዳኑን ከፍቶ ማሳደር ነው። ዘሩን ጥላ ስር ሸራ ላይ ዘርግተው የስኳሩን ውሃ ይርጩ፣ ፍሬው ወዝ እንዲይዝ እንጂ እንዲርስ አይደለም። ዱቄቱን ነስንሰው ሁሉም ፍሬ እስኪጠቁር በቀስታ ያገላብጡ። ሩብ ሰዓት ጥላ ላይ ያናፍሱትና በዚያው ቀን እርጥብ አፈር ላይ ዘርተው ወዲያው ያልብሱ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ዘር፣ በፈንገስ መድኃኒት የታሸ ዘር፣ ወይም ከማዳበሪያ ጋር በአንድ ከረጢት የተቀላቀለ ዘር ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ዩሪያም አይጨመርበት፤ ተክሉ የተዘጋጀ ናይትሮጂን ካገኘ እባጭ አይሠራም። ፎስፈረስ ግን ያስፈልገዋል።

የተጭበረበረ እሽግ የሚለየው እንዲህ ነው። እውነተኛው ሲጨመቅ ለስለስና ወዝ ያለው ነው፤ እንደ ሲሚንቶ የሚቦን ደረቅ ዱቄት ሞቷል። የባክቴሪያው ስም፣ በግራም ያለው ብዛት፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን መጻፍ አለበት። በቀኑ ላይ ሌላ ወረቀት ከተለጠፈ ወይም «ለሁሉም ሰብል» የሚል ከሆነ ይመልሱት።

ፈሳሹ ላይ ብዙ አንቆይም። አዞስፒሪለም፣ ሱዶሞናስና አዞቶባክተር የተባሉት ባክቴሪያዎች ለበሶብላ ይጠቅማሉ፣ ችግሩ መደርደሪያው ነው። ከባሲለስ በተለየ ሙቀት የሚቋቋም ስፖር፣ ማለትም ተኝቶ የሚቆይ ጠንካራ ሕዋስ፣ አይሠሩም፤ ፍሪጅ በሌለው ሱቅ ወራት ከቆዩ የሚገዛው ሽታ ያለው ውሃ ነው። ጠርሙሱ ካበጠ ወይም ከከረፋ ሌላ ነገር ገብቶበታል። ባሲለስ ስፖር ስላለው ይቆያል፤ የሚገዙ ከሆነ እሱን ብቻ። በጀሪካን የሚሸጠው ኢኤም የተባለው ድብልቅ ሕያው ፈሳሽ ደግሞ በአብዛኛው የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያና እርሾ ነው። ኮምፖስት ለማፍጠንና ሽታ ለማጥፋት ደህና ነው፤ ስር ላይ የሚሰፍር ባክቴሪያ ብሎ ለበሶብላ መግዛት ግን የማይገናኝ ነገር ነው።

የትል ኮምፖስት የሚሻለው ስሙ የማይታወቅ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ከነምግቡ ስለሚይዝ ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። ለችግኝ አራት እጅ አፈር ለአንድ እጅ ኮምፖስት ይበቃል። በኪሎ ስለሚሸጥ ግን ውሃውም አብሮ ይመዘናል። እርጥበቱ 70 በመቶ የሆነ ኩንታል ውስጥ ደረቁ 30 ኪሎ ነው፣ 40 በመቶ የሆነው ውስጥ 60፤ በአንድ ዋጋ እጥፍ ልዩነት። በእጅ ሲጨመቅ በጣት መሃል ውሃ የሚያወጣ ከሆነ ዋጋው ይቀነስ ወይም ይተው። ዋልካ አፈር የተቀላቀለበትም ይሸጣል፤ ጥቂት አርሰው በመዳፍ መሃል ያሽከርክሩት። ንጹሑ ይፈረካከሳል፣ ዋልካ ያለበት እንደ ቀጭን ገመድ ይረዝማል። በየዓመቱ ለሚተክል ሰው ኮምፖስቱን ሳይሆን ቀዩን ትል መግዛት ይሻላል፤ ለአንድ ካሬ ሜትር የፍግ መደብ አንድ ኪሎ ትል ይበቃል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ያደርሳል፣ ራሱም ይራባል። ከማሳ ተቆፍሮ የወጣ ትል ግን ለዚህ አይሆንም፤ እሱ አፈር ውስጥ ሰርስሮ የሚኖር እንጂ ፍግ ውስጥ የሚራባ አይደለም።

መብሰሉን የሚያሳየው ፌጦ ነው። ሳህን ላይ እርጥብ ኮምፖስት አድርገው 20 ፍሬ ፌጦ ይበትኑ፣ ሌላ ሳህን ላይ በንጹሕ አፈር እንዲሁ። በአራተኛው ቀን በኮምፖስቱ ላይ 16 እና ከዚያ በላይ በቅሎ ስሩ ነጭና ረጅም ከሆነ ይግዙ። ጫፉ ከጠቆረ ወይም የበቀለው ከአፈሩ በብዙ ካነሰ አሞኒያው አልወጣም፤ የበሶብላ ችግኝ ላይ ቢገባ መጀመሪያ የሚያቃጥለው ስሩን ነው። ሻጩ አንድ እፍኝ ለናሙና ካልሰጠ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።