የተረከዜን ነገር ላገኘልኝ የኦሮራው የስኖውቦርድ ባለሙያ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በዴንቨርና በኦሮራ አካባቢ ለምትኖሩ፣ በበረዶው ወራት ቅዳሜ ማለዳ በአይ-70 ወደ ተራራው ለምትወጡ ወገኖቼ ነው። በኦሮራ፣ በቤቱ ጋራዥ ውስጥ ስኪና ስኖውቦርድ (ሁለት እግር ታስሮበት በጎን ቆመው በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ) የሚጠግንና የሚያስተካክል አንድ ወጣት የአገራችን ልጅ አለ። ሦስት የበረዶ ወቅት ሙሉ ያስቸገረኝን ነገር በአንድ ምሽት ለይቶ ስላገኘልኝ በአደባባይ ላመሰግነው፣ ለእናንተም ልጠቁመው ወደድሁ። ስሙና አድራሻው እንዲህ ባለ ቦታ እንዳይሰፍር ስለጠየቀኝ፣ የሚፈልገው ሰው በግል መልእክት ይጠይቀኝ።

ችግሬ ይህ ነበር። በጣቶቼ በኩል ባለው ጠርዝ ስታጠፍ ቦርዱ ይታዘዘኛል፤ ወደ ተረከዜ ጠርዝ ስዞር ግን መጀመሪያ ኮረኮንች መንገድ ላይ እንደ ገባ መኪና ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎም ከሥሬ ሸሽቶ በመቀመጫዬ ያሳርፈኛል። እኔ የምመኘው ካርቪንግ የሚባለውን አነዳድ ነበር፤ ይኸውም ቦርዱ ወደ ጎን ሳይንሸራተት፣ ያጋደለበትን ጠርዝ ብቻ ተከትሎ በረዶውን እየቀረጸ የሚታጠፍበት ነው። ይህን ስፖርት በ43 ዓመቴ ልጄን ተከትዬ የጀመርሁ ሰው ስለሆንሁ ጥፋቱን ሁሉ በዕድሜዬ ላይ ጥዬው ነበር። ልጄም “አባዬ፣ ስለምትፈራ ነው” ትለኝ ነበር። ቦርዱን የገዛሁበት ሱቅ ደግሞ ጠንከር ያለና ውድ የሆነ አዲስ ቦርድ እንድገዛ መከረኝ፤ ጫማን ከቦርዱ ጋር የሚይዙትን ማሰሪያዎች ሲገጥምልኝ እግሬን አንድም ጊዜ እንዳልለካ ያስታወስሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ወጣቱ ዘንድ የሄድሁት ጠርዙን እንዲስልልኝ ብቻ ነበር። ገና ከበሩ “ጋሼ፣ ጫማዎን አምጥተዋል?” ሲል ጠየቀኝ። አላመጣሁም ነበር። ጫማው ካልታሰረበት የሚለካው ነገር እንደሌለ በትሕትና ነግሮ ወደ ቤቴ መለሰኝ፤ በልቤ ትንሽ ተናድጄ እንደነበር አልደብቅም።

ጫማዬን ይዤ ስመለስ ማሰሪያው ውስጥ አስሮ ቦርዱን ገለበጠውና በማስመሪያ ለካው። የጫማው አፍንጫ ከቦርዱ ጠርዝ እምብዛም አላለፈም፤ ተረከዙ ግን ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። ቦርዱን በእጁ ወደ ተረከዝ በኩል እያጋደለ ሲያሳየኝ፣ ጠርዙ ገና መያዝ ከሚገባው ማዕዘን ሳይደርስ ተረከዜ መሬቱን ነካ። በተራራው ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ጫማው በረዶውን ሲነካ ቦርዱን እንደ መፈንቀያ ያነሣውና ጠርዙን ከመያዣው ያስለቅቀዋል። ፈርቼ የመሰለኝ ነገር፣ ለካስ የተረከዜ መውጣት ኖሯል።

መፍትሔው አዲስ ቦርድ መግዛት አልነበረም። ማሰሪያውን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘው ክብ ሳህን፣ ብሎኖቹ የሚገቡባቸው ሞላላ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሳህኑ ዞሮ ሲገጠም እነዚያ ቀዳዳዎች ማሰሪያውን ወደ ጣት ወይም ወደ ተረከዝ በኩል ለመግፋት ያስችላሉ። ወጣቱ አራቱን ብሎኖች ፈትቶ ሳህኑን አዞረ፤ ጫማው በሁለቱም በኩል እኩል እስኪወጣ ድረስ ማሰሪያውን ወደ ጣት በኩል ገፋው። ቀጥሎ ማዕዘኑን ነካ። ሱቁ የገጠመልኝ የፊት እግር 15 ዲግሪ ወደ ፊት፣ የኋላውም 15 ዲግሪ ወደ ኋላ የሚያይበትን፣ የዳክዬ የሚባለውን አቋቋም ነበር። ይህ አቋቋም ወደ ኋላ ዞሮ መንዳት ለሚወድ ሰው መልካም ነው፤ እኔ ግን በሕይወቴ ወደ ኋላ ነድቼ አላውቅም። ስለዚህ የፊቱን 27፣ የኋላውን ደግሞ ወደ ፊት 12 ዲግሪ አደረገው። ሳህኑ ላይ ምልክቶቹ በየ3 ዲግሪው የተሰመሩ ናቸውና ቁጥሮቹን እኔም በዓይኔ ተከታትያለሁ። ሁለቱም ጉልበቶች ወደ ፊት ሲያዩ ወገብና ትከሻ ሳይጣመሙ ከቦርዱ ጋር ይሄዳሉ ሲል አስረዳኝ። በ2018 በፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ በስኪም በስኖውቦርድም ወርቅ የወሰደችው ኤስተር ሌዴትስካ በስኖውቦርድ የምትወዳደርበትን ዓይነት ውድድር በስልኩ አሳይቶኝ፣ የተወዳዳሪዎቹ እግሮች ከዚህም በላይ እጅግ ወደ ፊት የዞሩ እንደሆኑ፣ ይህም የሚመቻቸው ጠንካራ የፕላስቲክ ጫማ ስለሚያደርጉ እንደሆነ ነገረኝ። ለስላሳ ጫማ ላደረገ እንደ እኔ ያለ ሰው ያን መቅዳት ጉልበትን ማስጨነቅ ነው።

በሁለቱ እግሮቼ መካከል ያለውን ርቀትም ከ58 ወደ 54 ሴንቲ ሜትር አጠበበው፤ እግር ከልክ በላይ ሲከፈት ጉልበት እንደልብ አይታጠፍም። ከሁሉ ያስገረመኝ ከጫማው በስተኋላ የሚቆመው የማሰሪያው መደገፊያ ነገር ነው። ማዕዘኑ ሲለወጥ መደገፊያው ከቦርዱ ጠርዝ ጋር መሳሳቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከተረከዙ ጠርዝ ጋር ትይዩ እስኪሆን አዞረው፣ ጥቂትም ወደ ፊት አዘነበለው። አሁን እግሬን ወደ ኋላ ስደገፍ ኃይሉ ሳይባክን በቀጥታ ወደ ጠርዙ ይደርሳል። የቦርዱን ሆድ ሰም መቀባቱንና ጠርዙን መሳሉን በዚያው ጨርሶ ክፍያ የተቀበለኝ ለእነዚህ ለሁለቱ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ችግሩ በቁሳቁስ ብቻ እንደማይፈታ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። በቀጣዩ ቅዳሜ ላቭላንድ በተባለው የስኪ ቦታ፣ ከአይዘንሃወር ዋሻ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ልጄ በስልኳ ቀረጸችኝ፤ መንቀጥቀጡ በእጅጉ ቀንሶ ነበር፣ ሆኖም አልጠፋም። ቪዲዮውን ስልክለት በዚያው ምሽት ደውሎ ሁለት ነገር ጠቆመኝ። አንደኛው፣ በተረከዝ በኩል ስታጠፍ ከወገቤ ጎንበስ እላለሁ፤ ደረቴ ወደ ጣቶቼ ሲያዘነብል ክብደቴ ከጠርዙ ላይ ይነሣል። “ጋሼ፣ እግር እንደሚያጥብ ሰው አያጎንብሱ፤ በርጩማ ላይ ቀና ብሎ እንደተቀመጠ ሰው ይሁኑ፣ የእግርዎን ጣቶች ደግሞ ወደ ላይ ይሳቧቸው” አለኝ። ሁለተኛው ጠርዝ የምቀይረው ዘግይቼ መሆኑ ነው። ቦርዱ ቁልቁል ካየ በኋላ ጠርዝ የሚፈልግ ሰው፣ ቦርዱ ቀድሞት ፈጥኗልና የሚቀረው መፋቅ ብቻ ነው፤ ጠርዙ መያዝ ያለበት ገና በአግድም ሳለን፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ለዚህም ልምምድ ሰጠኝ። ገር በሆነ ተዳፋት፣ ማሽን አለስልሶት ማንም ባልረገጠው የማለዳ በረዶ ላይ፣ ቦርዱን በአንድ ጠርዝ አጋድሎ ምንም ሳይገፉ መጠበቅ ነው፤ ቦርዱ በጎኑ ጉብጠት ራሱ ክብ ሠርቶ ወደ ላይ ይመልሳል። አብልጠው ባጋደሉት ቁጥር ክቡ ይጠባል። ከዚያ ቆሞ የኋላን አሻራ ማየት ነው፤ እንደ እርሳስ መስመር የቀጠነ ከሆነ ተቀርጿል፣ እንደ መጥረጊያ ከሰፋ ተንሸራትቷል። የእኔ አሻራ በተረከዝ በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ የቀጠነው በሦስተኛው ቅዳሜ ሲሆን፣ ልጄም ከዚያ ወዲህ ስለ ፍርሃቴ አላነሣችም።

አንድ ነገር ላስገነዝብ። ወጣቱ በተራራው ላይ አያስተምርም፤ ገና ለሚጀምር ሰው የሚሻለው የቦታው አሰልጣኝ ነው። የእርሱ ሙያ ቦርዱንና ማሰሪያውን ከሰውዬው እግር ጋር ማስማማት ነው፤ በዚህም ሳይለካ አይፈታም፣ የማያስፈልገውን አይሸጥም። በታኅሣሥ ወረፋው ስለሚረዝም ቀደም ብላችሁ ደውሉለት። እሱ ያስተካከለውን ከነዳችሁ በኋላ ብሎኖቹን በመጀመሪያው ቀን መልሳችሁ አጥብቁ፤ አዲስ የተገጠመ ብሎን ጥቂት ይላላል። ስትሄዱም ጫማችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አለበለዚያ እንደ እኔ ከበር ይመልሳችኋል።