675 ጊዜ ያጎላል የተባለ ቴሌስኮፕ ልትገዙ ነው? ቆይ!

ቴሌስኮፕ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብሩን ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። እኛ አምስት ጓደኛሞች 22 ሺህ ብር ከፍለን የተማርነውን እናንተ በነጻ ብትማሩት ይሻላል።

ዕቃውን ያገኘነው ቴሌግራም ላይ ነው። የሻጩን ስም አልጠራም። እሱ ብቻም አይደለም የሚሸጠው፣ ያው ካርቶን በየቻናሉ ይዞራል። ካርቶኑ ላይ ሐምራዊና ብርቱካንማ የሆነ የሚያምር ጋላክሲ አለ። ከጎኑ በትልቁ 675 ጊዜ እንደሚያጎላ ተጽፏል። ዋጋው እንደከበደን ስነግረው ሻጩ ምን አለኝ? «ወንድሜ፣ በዚህ ሳተርንን ሳሎንህ ድረስ ነው የምታመጣው!» ሳቅን። ከዚያ ከፈልን። ዕቃውን ባለሞተር አመጣልን፣ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም።

ቀኑ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ነበር፣ ገብርኤል። ቅዳሜም ስለነበር ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ወዳለው የአንዱ ጓደኛችን ቤተሰቦች ግቢ ሄድን። ሌሊቱን አስበን ነው የመረጥነው። ጨረቃ የለችም፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ደመና የሚባል አይታይም። የገና ጾም ስለሆነ ሽሮና ቆሎ ቀርቦልናል። ጋቢ ለብሰን ግቢው ውስጥ ተኮለኮልን። ቬነስ በምዕራብ እንደ መኪና መብራት ታበራለች። ሳተርን ከሷ ከፍ ብሎ፣ ጁፒተር ደግሞ በምሥራቅ በኩል ወጥቷል። እንዲህ ያለ ሰማይ በየቀኑ አይገኝም።

እኔ ካርቶኑን ከፈትኩ። ሦስት እግር ያለው ማቆሚያ ወጣ። እግሮቹ ቀጫጭን፣ መጋጠሚያዎቹ ፕላስቲክ። ቱቦውን ስናስቀምጥበት እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዛል። ማነጣጠሪያዋ ትንሽ መነጽር ብሎኗ ቢጠብቅም አልረጋ አለች። ጁፒተርን ያህል የሚያበራ ነገር ቱቦው ውስጥ ለማስገባት ሃያ ደቂቃ ፈጀን። በዓይናችን ፊት ለፊት እያየነው!

ቸኩለን «675» ወዳሉን ሄድን። ትንሿን የዓይን ሌንስ ማጉላቱን ከምትጨምረው ሌንስ፣ ከማባዣዋ ጋር ገጠምናት። ስናይ ጨለማ። ቱቦውን ስንነካው የሆነ ግራጫ ነገር ሽው ብሎ አለፈ። ሲቆም ደግሞ አሁንም ጨለማ። የጓደኛችን አባት ተራቸውን ጠብቀው ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ። «ልጆቼ፣ ይሄ ጉም ነው። እኔ በባዶ ዓይኔ የተሻለ አያለሁ» አሉን። ምን ይባላል?

አሁን ማጭበርበሩ የቱ ላይ እንደሆነ ልንገራችሁ። 675 የሚለው ቁጥር ከሰማይ አልወረደም። የቱቦው የትኩረት ርቀት፣ ማለትም ብርሃኑ ከፊት ሌንሱ ተነስቶ አንድ ነጥብ ላይ እስኪያርፍ ያለው ርቀት፣ 900 ሚሊሜትር ነው። የትንሿ የዓይን ሌንስ 4 ሚሊሜትር። 900 ለ4 ሲካፈል 225 ይመጣል። ሦስት እጥፍ የምታደርግ ማባዣ ጨምሩበት፣ 675። ሒሳቡ ልክ ነው። ውሸቱ የሚታይ ነገር አለ ማለታቸው ላይ ነው።

ቴሌስኮፕ ዋና ሥራው ማጉላት አይደለም፣ ብርሃን መሰብሰብ ነው። ብርሃኑን የሚሰበስበው የፊት ሌንሱ ነው። የኛ ስፋቱ 60 ሚሊሜትር ነው፣ ካርቶኑ ጎን ላይ በጉንዳን ፊደል ተጽፏል። ለእንዲህ ያለ ቱቦ የተለመደው የማጉላት ልክ የሚሊሜትሩ ሁለት እጥፍ ነው። ማለትም 120 ጊዜ ገደማ። ከዚያ በላይ ስታጎሉ ያው ብርሃን ይሳሳል እንጂ አዲስ ነገር አይመጣም። ማጉላቱን እጥፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ምስሉ አራት ጊዜ ይደበዝዛል። ስልክ ላይ ፎቶ ዙም ስታደርጉ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው። በዚያ ላይ ምድር ትዞራለች። 675 ላይ ያገኛችሁት ኮከብ በሩብ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከዕይታ ይወጣል። ማቆሚያው ደግሞ በነካችሁት ቁጥር ይንቀጠቀጣል።

ጋሊልዮ እኮ እ.ኤ.አ. በ1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያያቸው 20 ጊዜ ገደማ በሚያጎላ ቱቦ ነው። 675 ማን ፈለገ?

ሌሊቱን ያተረፈልን ሌላኛው ጓደኛችን ነው። እህቱ ከቨርጂኒያ ስትመጣ በሻንጣ ያመጣችለት አጭር ቴሌስኮፕ አለችው። ካርቶኗ ላይ ጋላክሲም፣ ትልልቅ ቁጥርም የለም። እሷ ብርሃን የምትሰበስበው በፊት ሌንስ ሳይሆን በመስታወት ነው። መስታወቷ 130 ሚሊሜትር ነው፣ ከኛዋ አምስት እጥፍ ያህል ብርሃን ትሰበስባለች። በርጩማ ላይ አስቀመጣትና 50 ጊዜ ገደማ አጎላ። ዝም አልን። ጁፒተር ላይ ሁለት ቡናማ ቀበቶ፣ ከጎኑ በአንድ መስመር የተደረደሩ ነጥቦች። ሳተርን ቀለበቱ በመርፌ የተወጋ መስሏል። በየ15 ዓመቱ ገደማ ቀለበቱ በጠርዙ ወደ እኛ ይዞራል፣ ያኔ ደግሞ ጊዜው ተቃርቦ ነበር። ተራ ባይኖኩላርም ነበረን። በሱ ፕሊያዲስ የሚባሉትን ሰባቱን ከዋክብት ስናይ ሰባት ሳይሆኑ ብዙ ደርዘን ሆኑ። ለጀማሪ ባይኖኩላር ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። አባትየውም ሳተርንን አይተው ለረጅም ጊዜ ከበርጩማው አልተነሱም።

አሁን የምነግራችሁ ግን የብር ጉዳይ አይደለም።

ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ጥቁር አረንጓዴ መስታወት አለች። ቀለበቷ ላይ በእንግሊዝኛ «ፀሐይ» ተብሎ ተጽፏል። የዓይን ሌንሱ ላይ ትጠመዘዛለች። ጠዋት የግቢው ልጅ፣ አሥር ዓመቱ ነው፣ «ፀሐይን አሳዩኝ» አለ። እኔ ልገጥምለት ጀምሬ ነበር። ባለ ቨርጂኒያው ጓደኛችን እጄን ያዘኝ። ሰኔ 14 ቀን 2012 የፀሐይ ግርዶሽ ላሊበላ ላይ ሲያልፍ እዚያ ነበር፣ ነገሩን ያውቀዋል። የፊት ሌንሱ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፋል። ልጆች ሆነን በማጉያ መነጽር ወረቀት እናቃጥል አልነበር? ያቺ አረንጓዴ መስታወት የምትቀመጠው እዚያው የሚቃጠልበት ቦታ አጠገብ ነው። ትግላለች፣ ትሰነጠቃለች። ስትሰነጠቅ ዓይናችሁ ከኋላዋ ነው። ሬቲና፣ ዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ደግሞ ሕመም አይሰማውም፣ ሲቃጠል አያስጠነቅቃችሁም።

የቴሌስኮፕ የፀሐይ ማጣሪያ ፊት ለፊት፣ ቱቦው አፍ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚከደን ነው። የግርዶሽ መነጽር አድርጎ በቴሌስኮፕ ማየትም አይሆንም፣ መነጽሩ ለባዶ ዓይን ነው የተሠራው። እኛ ያቺን መስታወት በድንጋይ ሰባብረን ጣልናት። ይሄን ዕቃ ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ እንዲሁ አድርጉ፣ በተለይ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ።

ለመግዛት ከቆረጣችሁ ስለ ማጉላት አትጠይቁ። «የፊት ሌንሱ ወይም መስታወቱ ስንት ሚሊሜትር ነው?» በሉ። ማቆሚያውን በእጃችሁ ነቅንቁት። የዓይን ሌንሱ ቱቦው ውስጥ የሚገባበትን ጫፍ ስፋት ለኩት፣ 31.7 ሚሊሜትር ከሆነ ሌላ ሌንስ መለወጥ ትችላላችሁ። የኛው 24.5 ነው። የጓደኛችንን ሌንስ ልንገጥምበት ብንል እንቢ አለ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁም ለልጆች ስጦታ ብለው ያንኑ ባለ ጋላክሲ ካርቶን ተሸክመው እንዳይመጡ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ለፍትሕ ያህል፣ ዕቃው ሙሉ በሙሉ አልሞተም። በትልቁ የዓይን ሌንስ፣ 45 ጊዜ ላይ፣ የጨረቃን ጉድጓዶች ያሳያል። ማቆሚያው ላይ አምስት ሊትር ውኃ በጀሪካን ስናንጠለጥልበት መንቀጥቀጡም ቀነሰ። 22 ሺህ ብር ግን አያወጣም።

ገንዘባችን እንዲመለስ ስንጠይቅ ሻጩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ዘጋን። በቀደም ቻናሉ ላይ ያው ካርቶን «አዲስ ገባ» ተብሎ 26 ሺህ ብር ተለጥፎ አየሁት። በሌላ ስልክ ጻፍኩለት፦ «የፊት ሌንሱ ስንት ሚሊሜትር ነው?»

«675 ነው ወንድሜ» አለኝ።

«ሚሊሜትሩን ነው የጠየቅኩህ» አልኩት።

ብሎክ አደረገኝ።